አሮጌ ሞተርና ያልሰነፈ እጅ
ስለ ሁለተኛው ትውልድ የዲዝል ሎኮሞቲቮችና ስለ ዊስኮንሲን ሴንትራል ምድር ባቡር በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር




ዛሬ ማታ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ሁለተኛው ትውልድ ስለሚባሉት የዲዝል ሎኮሞቲቮች ነው። ከመካከላችሁ «ይህ የመካኒኮች ወሬ ነው፤ ለሕግና ለኢኮኖሚክስ ተማሪ ምን ይፈይድለታል?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን በዚህ የብረት ወሬ ውስጥ ሁላችንንም የሚመለከት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፦ ገንዘብ ያነሰው ሰው፣ ባለጸጋው ሠርቶበት የጣለውን መሣሪያ ገዝቶ ሊሠራበት ይገባዋልን? ቢሠራበትስ ምን ግዴታ ይወድቅበታል? የሚል ነው። ይህን ጥያቄ በባዶ ሜዳ ከመከራከር አንድ እውነተኛ ታሪክ ይዞ መመርመር ይሻላል ብዬ፣ በሰሜን አሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛትና በአካባቢው ይሠራ የነበረውን የዊስኮንሲን ሴንትራል ምድር ባቡር ኩባንያ መርጫለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ «ትውልድ» ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ እንነጋገር። በአሜሪካ የዕቃ ባቡር በዲዝል ሊጎተት እንደሚችል በግልጽ ያሳየው፣ የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ በ1939 ሠርቶ በአገሩ ሐዲድ ላይ ያዞረው ኤፍቲ የተባለው ሎኮሞቲቭ ነው። አራት ክፍሎች ተቀጣጥለው በአንድነት 5,400 የፈረስ ጉልበት ይሰጡ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንዲህ ያሉት ዲዝሎች እንደ ጎርፍ ገቡ፤ እስከ 1960 ገደማ ድረስም በእንፋሎት የሚሄደውን ባቡር ከትልልቆቹ መሥመሮች ፈጽመው አስወጡት። እነዚህ የመጀመሪያው ትውልድ ናቸው። የአንዱ ኃይል በአብዛኛው ወደ 1,500 የፈረስ ጉልበት ያህል ነበር።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ እነዚህ የመጀመሪያዎቹ አረጁ። በዚህ ጊዜ ፋብሪካዎቹ ሁለተኛ ገበያ አገኙ። ጄኔራል ኤሌክትሪክ ባለ 2,500 የፈረስ ጉልበት ዩ25ቢ የተባለውን አመጣ፤ ጄኔራል ሞተርስ ደግሞ በ1961 ባለ 2,250 የፈረስ ጉልበት ጂፒ30ን አወጣ። የሻጮቹ ሒሳብ ቀላል ነበር። ሦስት አሮጌዎች እያንዳንዳቸው 1,500 ቢኖራቸው ድምሩ 4,500 ነው፤ ሁለት አዳዲሶች እያንዳንዳቸው 2,250 ቢኖራቸውም ድምሩ ያው 4,500 ነው። ስለዚህ ሦስቱን ጥለህ ሁለቱን ግዛ፤ የምትጠግነው አንድ ሞተር ይቀንስልሃል፤ የሚል ነው። ሁለተኛው ትውልድ የተወለደው ከዚህ ሒሳብ ነው።

በ1965 ጄኔራል ሞተርስ 645 የተባለውን ሞተር ይዞ ቀረበ። ቁጥሩ የአንዱን ሲሊንደር ስፋት በኩቢክ ኢንች የሚያመለክት ነው፤ በእኛ ልክ ወደ 10.6 ሊትር ይሆናል። እንግዲህ አስቡት፤ አንዱ ሲሊንደር ብቻውን ከብዙ የጭነት መኪና ሙሉ ሞተር ይበልጣል። ከዚህ ሞተር 16 ሲሊንደር ያለው 3,000፣ 20 ሲሊንደር ያለው ደግሞ 3,600 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ባለ 20 ሲሊንደሩን የተሸከመው ሎኮሞቲቭ ኤስዲ45 ተባለ። ስድስት አክሰል አለው፤ ክብደቱ ወደ 170 ቶን ይጠጋል፤ ራዲያተሩ ትልቅ ስለ ሆነ የኋለኛው ጎኑ ወደ ላይ እንደ ክንፍ ተከፍቶ ይታያል። እስከ 1971 ድረስ 1,260 ያህል ተሠርተዋል።

ይሁን እንጂ ኤስዲ45 ብዙ ሳይቆይ ስሙ ጠፋ። ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው።

አንደኛው የብረቱ ነገር ነው። ሃያ ሲሊንደር በሁለት ረድፍ ሲደረደር ሞተሩ እጅግ ይረዝማል። የረዘመ ነገር ደግሞ ይተጣጠፋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክራንክ ሻፍቱ እየተሰበረ፣ ኩሽኔታውም እየተበላ ባለ ንብረቶችን አስቸገረ። ፋብሪካው በኋላ አሻሻለው፤ ነገር ግን ስም አንድ ጊዜ ከጠፋ ቶሎ አይመለስም።

ሁለተኛው የናፍጣ ነገር ነው። በ1973 የነዳጅ ዋጋ ባንድ ጊዜ ሲንር፣ አራት ተጨማሪ ሲሊንደር መመገብ ከበደ።

ሦስተኛው የፊዚክስ ነገር ነው፤ ለምሕንድስና ተማሪዎች ትንሽ ልዘርዝረው። ሎኮሞቲቭ የሚጎትተው ብረት ጎማው ብረት ሐዲዱን ጨብጦ ነው። ጭብጡ የክብደቱን ከመቶ 20 እጅ ነው ብንል፣ ባለ 170 ቶኑ ከ34 ቶን በላይ ሊስብ አይችልም፤ ከዚያ ካለፈ ጎማው በቦታው ይሽከረከራል። ከሞተሩ ኃይል ከመቶ 82 ያህሉ ጎማው ዘንድ ይደርሳል ብለን ብናሰላ፣ ባለ 3,000 የፈረስ ጉልበቱ ሞተር ያንን 34 ቶን በሰዓት እስከ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ድረስ ሊስብ ይችላል። እንግዲህ ከባድ ባቡር ከዚያ በዝግታ ዳገት ሲወጣ፣ የኤስዲ45 ትርፍ 600 የፈረስ ጉልበት ምንም አይጠቅምም ማለት ነው። የሚጠቅመው በፍጥነት ሲሄድ ብቻ ነው። ስለዚህ ከ1972 ጀምሮ ኤስዲ40-2 የተባለው ባለ 16 ሲሊንደር ሲመጣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ፊታቸውን ወደ እርሱ አዞሩ። በ1980ዎቹ ውስጥ ኤስዲ45 በየጓሮው ቆሞ ገዢ የሚጠብቅ ዕቃ ሆነ።

አሁን ወደ ዊስኮንሲን እንሂድ። በ1980 የወጣው የስታገርስ ሕግ የአሜሪካን ምድር ባቡሮች በዋጋና በንግድ ውል ረገድ ነጻ አደረጋቸው። ትልልቆቹም የማያተርፉላቸውን መሥመሮች መሸጥ ጀመሩ። ሱ ላይን የተባለው ኩባንያ በ1985 የከሰረውን የሚልዋኪ ሮድን ዋና መሥመሮች ገዛ፤ በዚህም ጊዜ ከቺካጎ እስከ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል የሚወስድ ሁለት መንገድ በእጁ ገባ። አዲስ የገዛውን ይዞ የራሱን አሮጌ መንገድ ለሽያጭ አወጣ። ይህን ወደ 3,200 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ሐዲድ የገዙት ሰዎች በ1871 የተመሠረተውን የጥንቱን የዊስኮንሲን ሴንትራልን ስም አንሥተው ጥቅምት 11 ቀን 1987 ሥራ ጀመሩ። መሪያቸው ኤድዋርድ ቡርክሃርት ይባላሉ። ኩባንያው ከትልልቆቹ ያነሰ፣ ከቀበሌ ባቡሮች የበለጠ ስለ ሆነ በአሜሪካ አጠራር «ክልላዊ» ከሚባሉት ወገን ነበር። ዋናው ጭነቱ የወረቀት ፋብሪካዎቹ ወረቀትና ግንድ ነበር።

አዲሱ ኩባንያ ሐዲድ አገኘ፤ ባቡር ግን አልነበረውም። በዚያን ጊዜ አንድ አዲስ ሎኮሞቲቭ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። ስለዚህ ሌሎች የናቋቸውን ኤስዲ45ዎች ከበርሊንግተን ኖርዘርን ገዛ፤ በኋላም ከሳንታ ፌ ጨመረ። ከሱ ላይንም ጂፒ30ና ጂፒ35 ወሰደ። በቀይ ዳማና በወርቃማ ቀለም ቀባቸው። ሌሎች ኤስዲ45ን እየቆራረጡ ለቁርጥራጭ ብረት ሲሸጡ፣ ትልቁ የኤስዲ45 ስብስብ የሚገኘው በዚህ መካከለኛ ኩባንያ እጅ ሆነ።

ይህ እብደት ነውን? ሒሳቡን እንመልከት። የአንድ ሎኮሞቲቭ ወጪ በሁለት ይከፈላል። አንዱ መግዣው ነው፤ ሌላው ማንቀሳቀሻው ነው። አዲስ ሎኮሞቲቭ በብድር የገዛ ሰው፣ ሎኮሞቲቩ ቢሄድም ቢቆምም ወለድ ይከፍላል። ወለድ እሑድ አያርፍም። ናፍጣ ግን በአብዛኛው የሚቃጠለው ጭነት ሲጎተት ነው። በአብዛኛው ያልሁት ስለ ምክንያት ነው፤ በዊስኮንሲን ብርድ ጊዜ የእነዚህ ሞተሮች ማቀዝቀዣ ውሃ በረዶ መከላከያ ስለማይጨመርበት፣ ውሃው ረግቶ ሞተሩን እንዳይሰነጥቀው ሚኒሞ ላይ ተትቶ ሲሠራ ያድራል። ይህም ሆኖ፣ ቀንና ሌሊት አህጉር ለሚያቋርጥ ኩባንያ የናፍጣው ወጪ ከባድ ነው፤ ከፋብሪካ ፋብሪካ እየዞረ ፉርጎ ለሚሰበስብ ኩባንያ ግን የመግዣው ወጪ ይከብዳል። አንድ መሣሪያ ለአንዱ ክስረት፣ ለሌላው ትርፍ ሊሆን የሚችለው ስለዚህ ነው። ጥሩ መሣሪያ ወይም መጥፎ መሣሪያ ብሎ በደፈናው መፍረድ አይገባም፤ ለማን? ለምን ሥራ? ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛው ምክንያት መለዋወጫ ነው፤ ይህ ከሁሉ ይበልጣል። የጄኔራል ሞተርስ ሞተር የተሠራው ተፈትቶ እንዲጠገን ነው። ፒስተኑ፣ የሲሊንደሩ ውስጠኛ ግድግዳ፣ ቴስታታው፣ ክንዱም በአንድነት እንደ አንድ ዕቃ ይወጣሉ፤ ሌላ የተዘጋጀ ይገባል። አንድ ሲሊንደር ስለ ተበላ ሙሉ ሞተር ማውረድ አያስፈልግም። ከዚህም በላይ የ645 የሲሊንደር ዕቃ የቀደመው ትውልድ በሆነው በ567 ሞተር የኋለኛ ዓይነት ውስጥ ይገባል። በኤስዲ45 ላይ የሚሠራው ዕቃ በኤስዲ40 ላይም፣ በጂፒ40 ላይም ይሠራል። ስለዚህ በኖርዝ ፎን ዱ ላክ የነበረው የኩባንያው ወርክሾፕ ብዙ ዓይነት መለዋወጫ ማከማቸት አላስፈለገውም፤ መካኒኩም የአንዱን ጠባይ ሲያውቅ የሌላውን ያውቃል። አሮጌውን ሞተር ያሠራው ርካሽነቱ ብቻ አልነበረም፤ አንድ ዓይነት መሆኑና የሚያውቀው እጅ አጠገቡ መኖሩ ነው።

ኩባንያው በዚህ አኳኋን አደገ። በ1993 ግሪን ቤይ ኤንድ ዌስተርንና ፎክስ ሪቨር ቫሊ የተባሉትን ጠቀለለ፤ በ1995 በካናዳ የአልጎማ ሴንትራልን ያዘ። በኒው ዚላንድና በብሪታንያም የመንግሥት ባቡሮች ሲሸጡ ከገዢዎቹ አንዱ ሆነ። እዚህ ላይ አንድ የሚደንቅ ነገር ልብ በሉ። እነዚሁ በአገራቸው የሌላውን አሮጌ የሚገዙ ሰዎች፣ ብሪታንያ ውስጥ በ1996 ከጄኔራል ሞተርስ 250 አዲስ ሎኮሞቲቮች አዘዙ። ለምን? በብሪታንያ የተረከቡት ስብስብ የደከመና ዓይነቱ የተዘበራረቀ ነበር፤ ሥራውም ሌላ ነበር። እንግዲህ ሰዎቹ አሮጌ ወዳጅ አልነበሩም፤ ሒሳብ ወዳጅ ነበሩ። አሮጌ ዕቃ መውደድም ሆነ አዲስ ዕቃ ማምለክ ሁለቱም ከማሰብ የሚያሳርፉ ልማዶች ናቸው።

እስካሁን የተናገርሁት የምስጋናውን ክፍል ነው። አሁን ወደ ሌላው ገጽ እንለፍ፤ ምክንያቱም የዛሬው ንግግር ቁም ነገር ያለው እዚያ ነው።

መጋቢት 4 ቀን 1996 ማለዳ፣ በዊስኮንሲን ውስጥ ዌያዌጋ በምትባል ትንሽ ከተማ የዚሁ ኩባንያ ባቡር ከሐዲድ ወጣ። ጋዝ የጫኑ ቦቴ ፉርጎዎች ተቃጠሉ። የከተማይቱ ሰዎች ከሁለት ሳምንት በላይ ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ሰው አልሞተም። መርማሪዎቹ ያገኙት ምክንያት ከሎኮሞቲቩ ጋር አይገናኝም። ሐዲድ ከሐዲድ በሚገነጠልበት ቦታ፣ በብሎን ቀዳዳ ላይ የነበረ ስንጥቅ ሳይታይ ቆይቶ ሐዲዱ ተሰበረ። የመንገዱ ተቆጣጣሪዎችም በቂ ትምህርት እንዲያገኙ የኩባንያው አስተዳደር አላደረገም ተብሎ ተፈረደ። ትልቁን ሞተር ያየ ዓይን ትንሹን ቀዳዳ አላየም።

ሁለተኛው ታሪክ የበለጠ ያሳዝናል። ዊስኮንሲን ሴንትራል በ2001 በካናዲያን ናሽናል ተገዝቶ ከገለልተኝነት ወጣ፤ ኤስዲ45ዎቹም ብዙ ሳይቆዩ ከሥራ ተሰናበቱ። ሚስተር ቡርክሃርት በ1999 ከኩባንያው ወጥተው ነበርና፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞንትሪያል፣ ሜይን ኤንድ አትላንቲክ የተባለ ሌላ ክልላዊ ምድር ባቡር ሊቀ መንበር ሆኑ። ይህም ኩባንያ በአሮጌ ሎኮሞቲቮች ይሠራ ነበር።

ሐምሌ 5 ቀን 2013 ማታ አንድ ነጂ ብቻውን 72 ድፍድፍ ነዳጅ የጫኑ ቦቴ ፉርጎዎችን እየጎተተ መጥቶ፣ በኩቤክ ናንት በምትባል ቦታ ተዳፋት ላይ ባቡሩን አቆመ። መሪው ሎኮሞቲቭ ጄኔራል ኤሌክትሪክ የሠራው ሲ30-7 ነበር። ከስምንት ወር በፊት ሞተሩ ተበላሽቶ ሳለ፣ በደንቡ መጠገን የሚገባውን ክፍል እንደ ሙጫ ባለ ነገር ደፍነው ወደ ሥራ መልሰውት ነበር። ድፍኑ አልጸናም። ዘይት በማይገባው ቦታ ተጠራቀመ፤ ያን ሌሊት እሳት ተነሣ። የእሳት አጥፊዎች መጥተው ሞተሩን አጠፉ፤ እሳቱም ጠፋ። ነገር ግን ለፍሬኑ አየር የሚሰጠው ያው ሞተር ነበር። አየሩ ቀስ በቀስ ወጣ። ነጂው ያጠበቃቸው የእጅ ፍሬኖች ሰባት ነበሩ፤ መርማሪዎቹ በኋላ ባሰሉት ግን ቢያንስ 17 ያስፈልጉ ነበር። ሰው አልባው ባቡር ቁልቁል ወርዶ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ላክ ሜጋንቲክ ከተማ መካከል ተገለበጠ። 47 ሰዎች ሞቱ።

የካናዳ መርማሪዎች ለዚህ አደጋ አንድ ምክንያት ብቻ አልሰጡም፤ 18 ምክንያቶችን ዘረዘሩ። ስለዚህ እኔም «አሮጌ ሎኮሞቲቭ ገደላቸው» ብዬ አላሳጥረውም። አሮጌነቱ አልገደለም። ሌሎች ምድር ባቡሮች የዚያን ዓይነት ሎኮሞቲቭ ለብዙ ዓመታት በደኅና ሠርተውበታል። የገደለው፣ ሳይጠገን ተጠገነ መባሉ፣ የታየው ጭስ እስከ ነገ ይቆይ መባሉ፣ የአንድ ሰው ድካም የብዙዎችን ጥበቃ እንዲተካ መደረጉ ነው።

ጓዶች፤ እነዚህን ሦስት ታሪኮች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ምን እንማራለን? በበኩሌ ሦስት ነገሮች ይታዩኛል።

የመጀመሪያው፦ አሮጌ መሣሪያ መግዛት ውርደት አይደለም፤ ነገር ግን በርካሽ የተገዛ መሣሪያ ዋጋው አልተከፈለም ማለት አይደለም። ዋጋው ከሻጩ ኪስ ወደ ወርክሾፑ በጀት ተዛውሯል። መግዣው ላይ ያተረፈ ሰው ያንን ትርፍ ለመካኒክ፣ ለመለዋወጫና ለምርመራ ካላዋለው፣ ቀሪውን ሌላ ሰው በነፍሱ ይከፍለዋል።

ሁለተኛው፦ መዝገብ ነው። አንድ ሎኮሞቲቭ ባለፈው ዓመት ምን እንደ ተቀየረለት የሚናገር እውነተኛ መዝገብ ከሌለው፣ አዲስ ቢሆንም አሮጌ ነው። መዝገቡ በእውነት የተጻፈ እንደ ሆነ ግን፣ አሮጌው ሎኮሞቲቭ ባለቤቱ ጠባዩን የሚያውቀው የታመነ መሣሪያ ይሆናል።

ሦስተኛው፦ «ይህ ዛሬ አይወጣም» ለማለት ሥልጣን ያለው ሰው መኖር አለበት። ይህ ሰው ብዙ ጊዜ ዲግሪ የለውም። እጁ በዘይት የጠቆረ ጭስ አይቶ የሚያውቅ መካኒክ ነው። እኛ ተመርቀን ስንወጣ፣ ፊርማ የሚጠየቀው ከእኛ ነው፤ ችግሩን ቀድሞ የሚያየው ግን እርሱ ነው። የእርሱን ቃል ሳንሰማ ከፈረምን ትምህርታችን ምን ላይ ዋለ? ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን የተናገሩት ይህንኑ ነው።

ምናልባት አንዱ ተነሥቶ «የአዲስ አበባና የጅቡቲ አዲሱ መሥመር ከ2016 ወዲህ በኤሌክትሪክ የተሠራ ነው፤ የዲዝል ወሬ ያለፈበት አይደለምን?» ይለኝ ይሆናል። መልሴ አጭር ነው። አዲስ የተባለው ሁሉ አንድ ቀን ሁለተኛ ትውልድ ይሆናል። በ1917 አዲስ አበባ የገባውም ባቡር በዘመኑ አዲስ ነበር፤ ለብዙ ዘመን ያኖረውም የድሬዳዋ ወርክሾፕ ሠራተኞች ትዕግሥት ነው። በኤሌክትሪክ የሚሄደውም ብሎን አለው፤ የብሎን ቀዳዳ አለው፤ ፍሬን አለው። በሆስፒታላችን ያለው የኤክስሬይ መሣሪያ፣ በየመንደሩ ያለው የውሃ ፓምፕ፣ በአውቶቡሱ ስር ያለው ሞተር ሁሉ ይህንኑ ሕግ ይከተላል።

እንግዲህ ነገ ከመካከላችሁ አንዱ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀምጦ «አዲስ እንግዛ ወይስ ያገለገለ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ስለ ቀለሙና ስለ ዘመኑ አስቀድሞ አይጨነቅ። አስቀድሞ ይጠይቅ፦ መለዋወጫው ከየት ይመጣል? የሚጠግነው ማን ነው? ያ ሰው «አይሆንም» ሲል ማን ይሰማዋል? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ካለ፣ አሮጌ ሞተር ብዙ ሥራ ይሠራል። መልስ ከሌለ ግን አዲሱንም አይግዛ።

 ጥያቄ ያለው ሁሉ አሁን ሊያቀርብ ይችላል።